ስንት ጊዜ ወሰዱ?

«አንዴ ብቻ... ጨምሪልኝ... ይለቀኛል» አሉ እትዬ ካሳነሽ፣ ማስኩን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው። ይችን ለመናገር ሦስት ጊዜ ቆመው ተነፈሱ።

ሌሊሴ አልጨመረችም። የአስም መድኃኒቱን እንደ ጉም የሚያስተነፍሰው ማሽን የወንድሟ የያደሳ ነበር። እሱ በአስም ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ማሽኑ ሲያጉረመርም በሰማች ቁጥር ግን ከጓዳ «ሌሊሴ፣ ጨምሪ» የሚላት ይመስላታል። አሁንም ሰማችው።

እትዬ ካሳነሽ ኮልፌ ፍራሽ የሚሰፉ ጎረቤቷ ናቸው፤ የጥጡ ብናኝ ደረታቸውን ይዘጋዋል። ጠዋት ደክሟቸው ሲመጡ ሌሊሴ እጇን ታጥባ፣ ለያደሳ ስትሰጥ ነርስ እንዳሳየቻት የመድኃኒቱን ጠብታ ለክታ፣ በታሸገው የጨው ውኃ አቅጥና ሰጠቻቸው። ቀለል ሲላቸው ሱቅ ደርሳ ተመለሰች። የመድኃኒቱ ብልቃጥ ተጋምሶ፣ አጠገቡ የቧንቧ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ተቀምጦ ነበር።

«በዚህ ውኃ ነው ያቀጠኑት? ስንት ጊዜ ወሰዱ?»

«ካንቺው ጋር... አራት። ልቤ እንዴት እንደሚመታ!»

እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል።

«ይነሡ፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ሥራ አለብኝ እኮ ልጄ...»

«እትዬ፣ ይነሡ አልኩ!»

ማሽኑን ነቀለችው። ጉርምርምታው ግን በኮንትራት ታክሲው ውስጥ ሁሉ ከጆሮዋ አልወጣም።

ቤቴል ሆስፒታል እንደ ደረሱ ኦክስጅን ተደረገላቸው። ሐኪሟ ወደ ሌሊሴ ዞራ፣ «ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ ወሰዱ?» አለቻት።

እትዬ ካሳነሽ የሌሊሴን እጅ ጨምቀው ወደ ራሳቸው ሳቧት። «አንድ በያት» አሉ በሹክሹክታ፣ «ያስተኙኛል።»

 ያደሳም በሞተበት ቀን እንዲሁ የሌሊሴን እጅ ጨምቆ «አንድ በይ» ብሏት ነበር። እሷም «አንድ» አለች። ሐኪሙ አምኗት ወደ ቤት ሸኘው፤ ያደሳ ያን ቀን ሳይመሽ ሞተ። እናቷ እስከ ዛሬ ሐኪሙን ይረግማሉ፤ እሷም አጠገባቸው ተቀምጣ አሜን ትላለች።

«አራት!» አለች፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ እስኪዞሩ። «ሦስቱ ያለ ልክ ነው፣ በቧንቧ ውኃ። ያስተኙልኝ።»

እትዬ ካሳነሽ እጃቸውን መንጭቀው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሐኪሟ አልጋ አዘዘች።

ልጃቸው እፀገነት ደርሳ ስትተካት፣ ሌሊሴ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስልኳን አወጣች።

«እማዬ፣ ቤት ነሽ?... የለም፣ ደኅና ነኝ። ስለ ያደሳ ነው፤ በስልክ የሚነገር አይደለም። ጠብቂኝ፣ እየመጣሁ ነው።»