የኤጄታ ሰፈር ውሻ የነከሳቸው

ስልኩ ከተዘጋ ጀምሮ ባየሽ አንድ ቦታ አልረጋ አለች። ወደ አዲስ አበባ የተላከው የውሻ ጭንቅላት ተመርምሮ ውሻው እብድ ነበር ተብሏል። ውሻው ከጊንጪ ወጣ ብላ ያለችው የኤጄታ ሰፈር ውሻ ነው። ባየሽ በአምቦዋ ትንሽ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ስለሆነች፣ የነከሳቸውን ሰዎች ማግኘት የእሷ ሥራ ነው። መድኃኒት የሚያመጣው መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ አዲስ አበባ የሚሰጡትም በተጠየቀው ሰው ቁጥር ልክ ብቻ ነው። ይህ በሽታ ደግሞ አንዴ ከጀመረ ወዲያ የረሱትን ሰው ቢያስታውሱት ምንም አይረባውም።

የክሊኒኩ ኃላፊ ጋሽ ገብረአማኑኤል ግን ዘና ብሏል። ካርዶቹን የሚወደውን ያህል ሚስቱንም የሚወድ አይመስልም። የካርዶቹ ጠርዝ ዙሪያውን የተበሳ ነው፤ አንዱ ቀዳዳ ለውሻ ንክሻ፣ አንዱ ለሳምባ፣ አንዱ ለጊንጪ፣ አንዱ ለኤጄታ ሰፈር። በሽተኛውን የሚመለከተው ቀዳዳ እስከ ጠርዙ ድረስ ይቆረጣል። ከዚያ ረጅም የሹራብ መርፌ በቀዳዳው አሳልፈህ ካርዶቹን ብድግ ስታደርግ፣ የተቆረጡት ይወድቃሉ፤ ያልተቆረጡት ተንጠልጥለው ይቀራሉ።

«ንክሻ» አለና መርፌውን ሰካ። ካርዶች ወደቁ። እነሱን ሰብስቦ «እና ኤጄታ ሰፈር» ብሎ ደግሞ ሰካ። ሦስት ወደቁ።

«ፈየራ፣ ሆርዶፋ፣ ትንሿ አመለሸጋ። ሦስት ሰው! አለቀ፤ መርፌ አይዋሽም።»

«ጋሼ፣ አንድ ሰው የቀረ ይመስለኛል።»

«ማን?»

«እሱን እኮ ነው ያጣሁት።»

ሳቀባት። እውነቱን ለመናገር ያስቃል። እሷ ግን አልተወችውም።

«ንክሻ ያለበትን ሁሉ እንየው» አለችው።

«አርባ አንድ ሰው ነው! ግማሹን የጎረቤቱ ቡችላ ነው የጫረው። ለአርባ አንድ ሰው ብጠይቅ ለሦስቱም ይከለክሉኛል።»

ይህም እውነት ነው። ንክሻውንም ሰፈሩንም ያላሟላ አይምጣ ሲሉ ሰው ይቀራል፤ አንዱ ይበቃል ሲሉ አገሩ በሙሉ ይመጣል። እሱ መኪናውን ሊያስነሳ ወጣ፤ እሷ ሰዓቱን አየች፤ አምስት ሰዓት ተኩል። መርፌውን ወዲያ ጥላ የቀሩትን ሠላሳ ስምንት ካርዶች አንድ በአንድ ታነብ ጀመር።

ከግማሽ በላይ ከሄደች በኋላ አንዱ ላይ ቆመች። ደብሪቱ ዓብዲሳ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ቀኝ እጇን፣ ከዘጠኝ ቀን በፊት። ከቦታው ረድፍ አንድም ቀዳዳ አልተቆረጠም።

ያን ጊዜ ትዝ አላት። «ከየት ነሽ?» ስትላት ልጅቷ ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ አንገቷን ደፋች። «ማሎ፣ እባክሽ፣ እሱን ስም አልጠራም» አለች። ባየሽ ወዲያው ገባት። ሰፈሩ የሚጠራው በሽማግሌው በኦቦ ኤጄታ ስም ነው፤ ልጅቷ ደግሞ አዲሷ ምራታቸው ናት። ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ብትሞትም አትጠራም። አብዮቱ ለገበሬ ማህበሩ ሌላ ስም አውጥቶለታል፤ ግን ማን ያስታውሰዋል? ባየሽ ራሷም ስታገባ በዚሁ ወግ ነው ያለፈችው። ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀችላት። ወረፋው ረጅም ስለነበር፣ ኋላ እቆርጠዋለሁ ብላ ካርዱን አስቀመጠችው፤ በዚያው ረሳችው።

ወደ ግቢው እየሮጠች ወጣች። የመኪናው ሞተር ተነስቷል።

«አራት ነው! ጋሼ፣ አራት ይበሏቸው!»

ገብረአማኑኤል ካርዱን ተቀብሎ አገላበጠው። «ኤጄታ ሰፈር የሚል የታለ?»

«እኔ ዘንድ ነው የቀረው።»

እሱም ወረቀቱ ላይ ሦስትን ሰርዞ አራት ጻፈ።

በማግስቱ ደብሪቱን አማቷ ይዛት መጣች። ከአሥራ አራቱ መርፌ የመጀመሪያውን ሆዷ ላይ ሲወጓት ባየሽ ደህናውን እጇን ይዛላት ነበር።

«ከሰው ጋር ተመልሰሽ የሰፈሩን ስም ብታስነግሪ ምን ነበረበት?» አለቻት፤ ድንጋጤዋ ገና አልለቀቃትም።

ልጅቷ ግራ ገብቷት ቀና ብላ አየቻት። «ራስሽን ነቀነቅሽልኝ እኮ። ገብቷታል ብዬ ነው የሄድኩት።»

«ገብቶኝ ነበር» አለች ባየሽ።