ሕመሟን ያሳነሰው ልጅ

ዓለምጌጥ በዲቪ ሎተሪ አሜሪካ ከመጣች ገና ስድስት ወሯ ነው። እንግሊዝኛዋ ግሬፕቫይን ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ የለቃቀመችው ነበር። እናቷን ወይዘሮ ታደለችን ሐኪም ቤት የሚያመላልሳቸው ታላቅ ወንድሟ ክፍሉ ነው፤ ፍሪስኮ ከተማ ቢሮ የሚሠራ፣ በአማርኛ ቤተ ክርስቲያናቸው የተከበረ ሽማግሌ። ያን ቀን እረፍት ስለነበረች አብራቸው ሄደች።

«ሕመሙ እንዴት ነው?» አለች ሐኪሟ።

ወይዘሮ ታደለች የማህፀን ካንሰር ከያዛቸው ዓመት አልፏል። ወንበሩ ላይ በአንድ ጎናቸው አጋድለው ተቀምጠው፣ «ከእንብርቴ በታች እሳት ነው። መቀመጥ አቅቶኛል። ጎረቤት እንዳይሰማ ፎጣ እየነከስኩ ነው የማለቅሰው» አሉ።

ክፍሉ ጉሮሮውን ጠርጎ ተረጎመ። ያ ሁሉ እሮሮ በእሱ አፍ አራት ቃል ሆነ። ከአራቱ አንዱን ዓለምጌጥ ታውቀዋለች።

«ሊትል ነው ያልካት?»

«ዓለም፣ ፕሊስ፣ እዚህ አይደለም።»

«እሳት ነው እያለችህ ትንሽ ያማታል ትላለህ?»

«ማለቴ... የእናቴን ያን ቦታ እንዴት ብዬ ልጥራ? ደግሞ ተፈውሳለች ብለን በጉባኤ መስክረናል። ሕመሙን በአፋችን መልሰን አንጠራም።»

ዓለምጌጥ ወደ ሐኪሟ ዞራ በእጇ ሆዷን ከታች ይዛ፣ «ኖ ሊትል! ፋየር! ኤቭሪ ዴይ!» ብላ ጮኸች።

ሐኪሟ መዝገቡን ገለጠች። ሦስት ወር ሙሉ «ቀላል ሕመም» ተብሎ ተጽፏል። ወዲያው ስልክ አንስታ አስተርጓሚ አስጠራች፤ ወይዘሮ ታደለችም ለማያዩት ሰው ሁሉንም ዘረገፉት።

ሐኪሟ በአስተርጓሚው በኩል አስረዳች። ካንሰሩን ማዳን አይቻልም። ሕመሙን የሚያስተላልፉት ነርቮች ግን አከርካሪው ፊት ለፊት ተሰባስበው ይገኛሉ። በራጅ እየታየ መርፌ ከጀርባ ይገባል፤ መጀመሪያ በማደንዘዣ ይሞከራል፤ ከቀለላቸው አልኮል ተወግቶ ነርቩ ይገደላል። እስከዚያው ማስታገሻ ሞርፊን አዘዘችላቸው።

«ይሄ ቀድሞ ይቻል ነበር?» አለች ዓለምጌጥ።

«ነግራችሁኝ ቢሆን ኖሮ ከሦስት ወር በፊት ለመርፌው እልካቸው ነበር።»

መኪና ማቆሚያው ላይ ክፍሉ፣ «ሶ፣ እኔ እናቴን የምጠላ ነኝ?» አለ።

«አትጠላትም። ከእሷ ይልቅ ስምህን ትወዳለህ» አለችውና የመኪናውን በር በኃይል ዘጋችው።

በሁለተኛው ሳምንት መርፌውን ተወጉ። ሕመሙ ጨርሶ ባይጠፋም ወይዘሮ ታደለች ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሞርፊኑም በግማሽ ተቀነሰላቸው፤ ጭንቅላታቸው ጠራ። ሲጠራ ደግሞ ቁጣቸው መጣ።

ክፍሉ እሑድ ጠዋት ሊወስዳቸው መጥቶ፣ «እማዬ፣ ዛሬ ፈውስሽን መስክሪ» አላቸው።

«እመሰክራለሁ። ጌታ ስለሰጠኝ ሐኪም አመሰግናለሁ። ከዚያ የገዛ ልጄ ሦስት ወር አፌን ቀምቶ እንዳቃጠለኝ እናገራለሁ። ልነሳ?»

ክፍሉ የመኪናውን ቁልፍ እያገላበጠ ቆመ። በመጨረሻ ብቻውን ሄደ።

ወይዘሮ ታደለች ከዚያ በኋላ አምስት ወር ኖሩ። ክፍሉ እናቱን ከቤድፎርድ ቤታቸው ሐኪም ቤት ማመላለሱን አላቋረጠም፤ የምርመራውን ክፍል ደፍ ግን እንዲረግጥ አልፈቀዱለትም። በቀብራቸው ዕለት ዓለምጌጥ ጎን ሊቆም ሲጠጋ፣ እሷ ወደ መቃብሩ ማዶ ተሻገረች።