የጄኔራሉ ሁለተኛ ዐይን

አገኘሁ ሥዕሉን ወደ ደጁ ብርሃን አዙሮ ሲያየው፣ ትናንት ያኮራው ሥራ ዛሬ አስደነገጠው።

ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የፈረንጅ የዘይት ቅብ ነው፤ የድሮ ጦርነት፣ ጭስና የወደቁ ፈረሶች። መሐሉ ላይ ጎራዴ የመዘዘ ጄኔራል ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጧል። የጨርቅ ነጋዴው ሀጂ ጀማለዲን ያመጡለት ጥጉ ላይ የተቀደደውን ሸራ እንዲጠግን ብቻ ነበር። ጠገነው። ግን መርካቶ ውስጥ ታፔላ እየጻፈ ቢኖርም፣ ከአጎቱ የተማረው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፤ በዚያ ትምህርት ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዐይን የሚሣለው ይሁዳ ወይም ሰይጣን ነው። ጄኔራሉ በጎን ተሥሎ ሲያገኘው አዘነለት። ፊቱን ወደ ተመልካች መልሶ ሁለተኛ ዐይን ጨመረለት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሉታል ይህን ነው።

«ደረሰ?» አሉ ሀጂ ከበሩ። «ነገ የሙሴ ኒኮላ ልጅ ልትወስደው ትመጣለች።»

ሙሴ ኒኮላ በደርግ ጊዜ አገር ሲለቅ ሥዕሉን «አደራ» ብሎ የተወላቸው ግሪክ ጎረቤታቸው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ጠብቀውታል። አሁን ጠጋ ብለው አዩት።

«ይሄ ማነው?»

«ጥፋቱ የኔ ነው ሀጂ። ያሳመርኩት መስሎኝ ነው።»

ሀጂ የቀለም ጣሳ ላይ ቁጭ አሉ። «በስተርጅና አደራ በላ ልታሰኘኝ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

አገኘሁ ጥጥ ቀለም የሚያስለቅቀውን አኳራጅ አስነክቶ የጄኔራሉ አዲስ ዐይን ላይ አሳረፈ። የድሮው ቀለም አብሮ ቢነሳ እሱም ሀጂም ማለቃቸው ነው። ትናንት የተቀባው ግን ገና አልደረቀም፤ ከሥሩም የድሮውን ቀለም የሸፈነው አሮጌ ቨርኒሽ ነበር። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ተነሳ። አዲሱ ዐይን ጠፋ፣ ጉንጩም ተከተለ፣ የጄኔራሉ ሹል አፍንጫ እንደ ድሮው ወደ ጎን ወጣ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሀጂ። አገኘሁ እፎይ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሳቁም መጣ።

እዚያው ተቀምጦ ሳለ የሥዕሉን ታችኛ ክፍል አየ። ከፈረሱ ኮቴ ሥር አንድ ወጣት ወታደር ወድቋል። ፊቱን በሙሉ፣ በሁለት ዐይኖቹ፣ ቀጥ ብሎ ያያል።

«ይሄን አይተውት ያውቃሉ?»

«እሱን?» አሉ ሀጂ። «ሱቅ በከፈትኩ ቁጥር የሚያየኝ እሱ አይደል?»

አገኘሁ መጠቅለያውን ጆንያ ዘረጋ። ሀጂ እጁን ያዙት።

«ቆይ፣ አትጠቅልለው። ዛሬን እቦታው፣ ሱቄ ግድግዳ ላይ ይደር።»