የአባ ግልባጭ ናሙና ጽሑፍ

ማመልከቻ ጸሐፊው እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም የጠፋው ገና ጎልማሳ ሳሉ ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደረጃ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ሠላሳ አራት ዓመት ለባለጉዳይ ሲጽፉ፣ አንድም ወረቀት ያለ ግልባጭ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። ዋናው ለሥራ አስኪያጁ ከሆነ፣ ከታች በግራ በኩል «ግልባጭ» ብለው ለምክትሉም፣ ለመዝገብ ቤቱም፣ ለባለጉዳዩም ያደርጋሉ። አንዱ ቢተኛበት ሌላው ይነቃበታል ባይ ናቸው። ከጎናቸው የሚጽፈው ባለባርኔጣ ጓደኛቸው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህን ስታጭ ለአማትህ ጎረቤት ሁሉ ግልባጭ አድርገሃል አሉ» ብሎ ቀለደባቸው። ከዚያ ወዲያ አባ ግልባጭ የሚለው ስም እንደ ሙጫ ተጣብቆባቸው ቀረ። ሟች ሚስታቸው እንኳ በዚሁ ስም ስትጠራቸው ኖራ ነው ያለፈችው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ዘመን ሲዞር ደረጃ ሥር የተቀመጠውንም አይረሳም። መሥሪያ ቤቱ በወረቀት ማመልከቻ መቀበል አቆመ። ባለጉዳይ ሁሉ በስልኩ ቅጽ እየሞላ ይልክ ጀመር። ባለባርኔጣው ጠረጴዛውን ለጫማ ሰፊ ሸጦ ሄደ። አባ ግልባጭ ግን አንድ ወር ሙሉ ነጭ ወረቀት ፊታቸው ደርድረው ተቀመጡ፤ ወደ እሳቸው ጎንበስ የሚለው ሰው መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ የሚጠይቅ ብቻ ነበር።

ጭንቀታቸው ረሃብ አልነበረም። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነ ልጅ አላቸው፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት መንገድ ላይ የሚከርም፣ አባቱን የሚወድ ልጅ ነው። ወሩ ሲያልቅ የኪራይ ክፍላቸውን ለቀው እሱ ቤት እንዲገቡ ነግሯቸዋል። ጭንቀታቸው ይኸው መግባት ነበር። የተዘጋጀላቸው አልጋ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ካለበት ክፍል፣ ከሕፃኑ አልጋ አጠገብ ነው። ቤቱ ደግሞ የምራታቸው ነው። የእሷ አንደበት ማር ነው፤ ማር ባለበት ንብ እንዳለ የሚያውቀው ግን እጁን የሰደደ ነው። «አባባ ሲገቡልን ሞግዚቷን እናሰናብታለን፣ የልጅ ልጁን ማቀፍ የሚጠላ አያት የለም» ብላ ለእህቷ በስልክ ስታወራ በጆሯቸው ሰምተዋታል። ጠልተው አይደለም፤ ሕፃኑን ሲያዩ ልባቸው ቅቤ ይሆናል። ነገር ግን የገዛ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ለጥየቃ የሚመጣ አያትና በር ሲከፈትለት ብቻ የሚወጣ አያት አንድ አይደሉም።

ምራታቸው ቤት ቁጭ ብላ የምትሠራው ሥራ ነበራት። ሰው የሚያነበውን አጫጭር ጽሑፍ እያስጻፈ የሚከፍል ድረ ገጽ አለ፤ ስለ ጸጉር አያያዝም፣ ስለ ግድግዳ ቀለምም፣ ስለ ሥራ ቃለ መጠይቅም ትጽፍለታለች። አንድ እሑድ አባ ግልባጭ ይህን ሲሰሙ የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። ለጽሑፍ እውነት ይከፍላሉ ወይ ብለው ጠየቁ። ይከፍላሉ አለች። ሽማግሌስ ይቀበላሉ? ሳቀችና መስፈርቱን ላንብብልዎት ብላ ስልኳን አነሣች።

መስፈርት ሲባል አባ ግልባጭ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። ሌላው ሰው መስፈርት ፊት ሲርድ፣ እሳቸው እንደ ሥጋ ቆራጭ ብልት በብልት እያወጡ ሲያስረዱ የኖሩ ሰው ናቸዋ። ዕድሜ ከአሥራ ስምንት በላይ፤ «እሱንስ ሦስቴ አልፌዋለሁ» አሉ። በራስ ስም የተከፈተ የባንክ ደብተር፤ አለ። ቀድሞ ከሚጽፉት አንዱ ዋስ ሆኖ የሚያስገባው ሰው መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ ቀና ብለው ምራታቸውን አዩ፤ እሷም ልጇን እያባበለች «እኔ አለሁ አይደል እንዴ» አለች። ቀጥሎ፣ በሚያውቁት ሥራ ላይ የተጻፈ፣ የራስ የሆነ፣ ስምንት መቶ ቃል ናሙና። መሞከር የሚቻለው አንዴ ብቻ ነው፤ የወደቀ በዚያው ወደቀ። ከዚያ በታች እንደ ጉንዳን ሰልፍ የደቀቀ ፊደል ተደርድሯል። እሱስ ምን ይላል አሉ። የትም ያለ ነው፣ ሰው አያነበውም ብላ በጣቷ ገፋችው። አባ ግልባጭ ያላነበቡት ወረቀት ላይ ፈርመው አያውቁም። ያን ዕለት ግን ዓይናቸውም አልደረሰ፣ ምራታቸውንም ቅር እንዳይላት ሰጉና አሳለፉት።

ሦስት ቀን ጻፉ። እሷው «እዚሁ ይጻፉ፣ በዚያውም ሕፃኑን ያዩልኛል» ብላ የምግብ ጠረጴዛዋን ለቀቀችላቸው። የጻፉት ስለ ማመልከቻ ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አራት ጊዜ ማመልከቻ አስገብታ ወድቆባት፣ አምስተኛውን እሳቸው ሲጽፉላት እንዴት እንደተሳካላት ይተርካል። የምትፈልገውን በመጀመሪያው መስመር ተናገር ይላል፤ ለምን እንደሚገባህ በሁለተኛው፤ እንባ ካለህ ለሦስተኛው አቆየው፣ ሹም እንባ ቀድሞ ካየ ወረቀቱን ወደ ጎን ይገፋል። በእስክሪብቶ ጻፉ፣ ሰረዙ፣ እንደገና ጻፉ። ምራታቸው ትከሻቸው ላይ ቆማ ስታነብ ሁለት ቦታ ሳቀች፣ አንድ ቦታ ደግማ አነበበች። በሦስተኛው ቀን ራሷ በኮምፒውተሯ ገልብጣ ላከችላቸው።

ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ ግን አባ ግልባጭ እግራቸው አልሄድ አለ። አንድ ወረቀት ለአንድ ሹም ብቻ ልኮ መቀመጥ ልብስ ሳይለብሱ አደባባይ እንደመውጣት ሆነባቸው። ረቂቃቸውን ይዘው ኮምፒውተር ቤት ጎራ አሉና፣ ለጽሑፍ የሚከፍል ሌላም ድረ ገጽ እንዳለ ሠራተኛዋን ጠየቋት። ሁለት አገኘችላቸው። ያንኑ ጽሑፍ ለሁለቱም አስላኩ፤ ከታችም በግራ በኩል እንደ ወጋቸው «ግልባጭ» ብለው ሦስቱንም ድረ ገጾች በየስማቸው ዘረዘሩ። ለማን ለማን እንደተላከ ሁሉም ይወቅ፤ ተደብቆ የሚሠራ ነገር የለም። በዚያ ዕለት ደስ ብሏቸው የክፍላቸውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀቡት፤ ከርሞም እዚያው የሚኖር ሰው እንደሚያደርገው።

በአምስተኛው ቀን ምራታቸው ቶሎ ይምጡ ብላ ደወለች። ሲደርሱ ሕፃኑን አስታቀፈቻቸውና ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞረች። የድረ ገጹ መልስ ነው። ከሁለቱ ግልባጮች አንዱ የደረሰው ድረ ገጽ ማንንም ሳይጠይቅ ጽሑፉን በራሱ አዘጋጅ ስም አውጥቶታል፤ የግርጌዋንም መስመር ቆርጦ ጥሏታል። ያ ጉንዳን የሚያክለው ፊደል ደግሞ ናሙናው ለሌላ ለማንም አይላክ ይል ነበር። እናም አመልካቹ የሰው ጽሑፍ ሰርቆ በማቅረብ ተጠርጥሯል። ከሥር ለዋሷ አንድ ጥያቄ ቀርቧል፤ አመልካቹ ይህን ጽሑፍ ራሱ ሲጽፈው አይተዋል? ሁለት ሣጥን አለ። አይቻለሁ ካለች ጉዳዩ እንደገና ይመረመራል፤ ምስክርነቷ ካልታመነ ግን እሷም አብራ ትባረራለች። አላየሁም ካለች የእሳቸው በር ለዘለዓለም ይዘጋል፣ እሷን የሚነካት የለም።

አባ ግልባጭ እፎይ አሉ።

«እንግዲያ ቀላል ነው። አይተሻል።»

«አይቻለሁ።»

«እዚሁ ጠረጴዛ ላይ። ሦስት ቀን።»

«ማየቱንስ አየሁ አባባ። ግን አንዲት ሙሽራ ለሦስት ቤት ትዳራለች እንዴ?»

«ግልባጭ ነው ልጄ። ከታች ጽፌዋለሁ።»

ሳቀች። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ሕፃን ኮልተፍ ሲል የሚሳቀው ዓይነት ነበር፤ እሱ ነው የባሰባቸው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስረዳቻቸው። ይህች ሥራ ከእጇ ከወጣች ቤቱ በባሏ ጫንቃ ላይ ብቻ ይወድቃል። የሞግዚቷም ነገር አለ። ደግሞስ ወሩ ሲያልቅ መግባትዎ አይቀር፣ ሥራውን ምን ያደርጉታል? የልጅ ልጅዎን ጉሮሮ መቼም አይዘጉም። የተናገረችው አብዛኛው እውነት ነበር።

እሳቸው በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ለራሳቸው አንድም ማመልከቻ አቅርበው አያውቁም። ያን ቀን ግን አቀረቡ።

«ቁልፌን አታስነጥቂኝ» አሏት። «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ታውቂያለሽ።»

እንባውን ለሦስተኛው መስመር ሊያቆዩት ፈልገው ነበር፤ ግን አልታዘዝ አላቸውና መነጽራቸውን አጨለመው። ምራታቸው መነጽሩን ቀስ ብላ አወለቀች፣ በሕፃኑ መሐረብ በደንብ ወለወለችው፣ መልሳም አፍንጫቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ከዚያ ዞር አለችና አላየሁም የምትለዋን ሣጥን ተጫነች።

ወዲያው ልጃቸው ከመንገድ ደወለ። ሚስቱ ቀድማ ጽፋለት ኖሯል። አልተቆጣም፤ እሱ ቢቆጣ በተሻላቸው። «አባባ፣ የሰው ጽሑፍ ድረስ ምን አስኬደዎት? ቢቸግርዎት እኔ ልጅዎ የለሁም?» አለ በሐዘን። አባ ግልባጭ ምራታቸውን አዩ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ጡጦ ታጥባለች። እውነቱን ቢናገሩ የልጃቸው ቤት እንደሚታመስ አወቁ፤ ባይናገሩ ደግሞ በልጃቸው ልብ ሌባ ሆነው ይቀራሉ።

«ወሩ ሲያልቅ እገባለሁ» ብቻ አሉት።

ገቡም። ሞግዚቷ ተሰናበተች። ማሽኑ ልብስ ሲያሽከረክር አልጋቸው አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ሕፃኑ ግን በዚያ ድምፅ ጥሩ ይተኛል፣ እሳቸውም ደረታቸው ላይ አስተኝተውት ይውላሉ።

አንድ ረፋድ ምራታቸው ኮምፒውተሯን ይዛ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ድረ ገጹ ለጸሐፊዎቹ ሁሉ አዲስ ርእስ ሰጥቷል፤ አዲስ አመልካቾች መስፈርቱን የማያልፉት ለምንድን ነው የሚል። ጥሩ የሚከፍል ርእስ ነው። የጻፈችውን አነበበችላቸው፤ የሰው ጽሑፍ ሰርቀው ስለተያዙ አንድ ሽማግሌ ነበር። ሰው ለማሳቅ አንዳንድ ነገር ጨምራበታለች።

«ሊያልቅ ጥቂት ቃል ጎደለኝ» አለች። «ሲያዙ ምን አሉ ልበል፣ አባባ? እርስዎ እንዲህ ያለ ነገር ያውቁበታል።»

አባ ግልባጭ ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛወሩት። ማሽኑ ውኃውን ጨርሶ ደፍቶ ቆመ።

«ይቅርታ ጠየቁ በይ» አሉ። «ሁለተኛ እስክሪብቶ አልይዝም ብለው ማሉ በይ።»

«ይሄ ልብ ይነካል» አለችና ጻፈችው፣ ላከችውም።