የጋረደው ቅጠሎች

ሴትዮዋ የጣይቱን አንገት አቅፋ አልቅሳ ስታበቃ አልለቀቀቻትም። ነጠላዋን በሁለታቸው ራስ ላይ እንደ ዳስ ጣለችና አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«በልቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ነውር ነው፤ አውቃለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ግን ሌላ ጊዜ የት አገኝሻለሁ? ነፍሱን ይማረውና፣ ባልሽ የኮበለለ ወንድ የሚመልስ ቅጠል አስቀምጦ ይሆን?»

ጣይቱ አልተቆጣችም፤ አልገረማትምም። «እሱ መድኃኒት አያውቅም» አለች።

«እንግዲህ ላትሰጪኝ ነው» አለች ሴትዮዋ። ቀና ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገችና «ወይኔ ጋረደው፣ ወይኔ ደጉ ሰው» እያለች፣ ደረቷን እየደቃች ሄዳ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠች።

ጋረደውን የቀበሩት ትናንት ነው። ቅዳሜ ከፋሽጋ እርሻዎች እየተንቀጠቀጠ ገባ፤ ወባ ነው አሉ፤ ማክሰኞን አላየም። የገዳሪፍ ክረምት ግቢውን ጭቃ ስላደረገው ድንኳን መትከል አልተቻለም። ወንዶቹ በጎረቤት ራኩባ፣ በሣር ዳሱ ጥላ ሥር ተኮልኩለዋል፤ ሴቶቹ ከቤት ናቸው። ጣይቱ መሬት ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ተቀምጣለች። ከጎኗ የሟቹ ታላቅ እኅት ቱርካ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ከሾዋክ የደረሰችው፣ እንደ ዳኛ ተሰይማለች። ማን የት እንደሚቀመጥ የምታዝዝ እሷ ናት፤ የመጣውን እዝን የምትቀበልና የምታካፍል እሷ ናት፤ ጣይቱ ውሃ ልትቀዳ ብትነሣ እንኳ እጇን ይዛ «ተቀመጪ፤ ሐዘንተኛ አይላወስም» የምትል እሷ ናት።

ጣይቱም ትቀመጣለች። ሰው ሲመጣ አንገቷን ትሰጣለች፤ ሰው ሲያለቅስ ትሰማለች። ገላዋን ሌላ ሰው አደራ ብሎ እዚያ ምንጣፍ ላይ ያስቀመጠው ይመስላታል። ዓይኗ ደረቅ ነው፤ ሴቶቹም ይህን አይተዋል።

«አላለቀሰችም እኮ።»

«ደንዝዛ ነው፣ ምስኪን።»

«እንጃ። ከሥር ማሽ ቤት ምን እንደሚጠጣ ማን ያውቃል።»

ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ። በሕይወቱ ሳለም የሚሉት ይህንኑ ነበር። በረኀቡ ጊዜ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ድንበር የተሻገረ ልጅ፣ አድጎ እንደ ሰው ሁሉ ሰሊጥ ሲያርም፣ ማሽላ ሲቆርጥ ኖረ። አንድ ክረምት ዕፀዋት የሚሰበስብ የኮሌጅ መምህር መጣና ጣውላ የሚሸከምለት ሰው ፈለገ። ጋረደው ተሸከመ። የመምህሩ ሥራ በአንድ ወቅት አለቀ፤ የጋረደው ግን ዕድሜውን በላ። ተክሉን ከነሥሩ ይነቅላል፤ አፈሩን ያራግፋል፤ በጋዜጣ መሐል ይዘረጋዋል፤ በሁለት ጣውላ አጣብቆ ከትራክተር በወጣ ቺንጋ ጥፍር አድርጎ ያስረዋል። የደረቀውን ለኮሌጁ ይሰጥ ነበር። ጦርነቱ መጥቶ ኮሌጁ ከካርቱም የተፈናቀሉ ሰዎች ሲያድሩበት፣ የሚቀበለው ጠፋ። እሱ ግን አልተወም።

«ሰው ማሽላ ተሸክሞ ይገባል፤ የእኔ ባል ሣር» አለችው ጣይቱ አንድ ቀን። «አሁን ለማን ነው?»

«ትራክተሩ እየጨረሰው ነዋ» አላት። «የዛሬ ዓመት ከዚያ ሜዳ ሰሊጥ ብቻ ነው የሚበቅል። ይሄም ነበር ለማለት አንድ እንኳ ይቀመጥ ብዬ ነው።»

«ነበር ይበላል?»

«አይበላም» አለ እየሳቀ። «ነይ፣ ጫፉን ያዥልኝ።»

ትይዝለታለች። በክረምት ወረቀቱ በየቀኑ በደረቅ ካልተለወጠ ተክሉ ይሻግታል። ስለዚህ ማታ ማታ እራት እንደበሉ እሱ ይገልጣል፤ እሷ ደረቁን ታቀብላለች፤ እርጥቡን ተቀብላ በገመድ ላይ ትሰቅላለች። ልጅ አልነበራቸውም። ሐሜታቸውም፣ ኩርፊያቸውም፣ ዕርቃቸውም ያለቀው በዚያ ጣውላ ላይ ተጎንብሰው ነው።

ቅዳሜ ያመጣው የተክል እስር አሁንም ከጓዳ ነው። ከገባ ጀምሮ ማንም አልነካውም።

ከሰዓት በኋላ ቱርካ ሐሜቱን ሰማች። ፊቷ ጠቆረ። ወደ ጣይቱ ጎንበስ ብላ «ያንን እስር ወስጄ ከኾሩ ጅረት እወረውረዋለሁ» አለች። «ጎርፍ ይብላው። ሰው እየፈራ ነው የሚቀመጥ። የእናቴን ልጅ ሥር ማሽ ሲሉት እየሰማሁ ልቀመጥ?»

«ተይው እታለም።»

«ምን ልታደርጊው ነው?»

ጣይቱ ወደ ጓዳው በር ዞር ብላ አየች። «ተይው ብቻ» አለች።

«እሺ፤ ሣልስቱ እስኪወጣ። ከዚያ ወዲያ ግን እዚህ ቤት አያድርም።»

ያን ጊዜ ለጣይቱ በተከፈተው በር ዙሌካ ትታያት ነበር። ዙሌካ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤት ናት፤ ከቀብሩ ጀምሮ ለልቅሶ ደራሹ ሻይ የምታፈላው እሷ ናት። እርጥብ ከሰል አልያያዝ ብሏት፣ ጋዜጣ እየጠቀለለች ከሥሩ ትለኩሳለች። ጣይቱ ጋዜጣውን ዐወቀችው። ጋረደው በጋ ሙሉ ሲያጠራቅም የከረመው፣ ለቅያሪ ያስቀመጠው ደረቅ ወረቀት ነው። አንዱ ነደደ፤ ሌላው ተደገመ። ተይ ማለት እንዳለባት ታውቃለች። ቃሉ ግን ከአፏ የሚደርስበት መንገድ ራቀባት፤ ዝም ብላ አየች።

በሣልስቱ ቄሱ ጸሎት አድርሰው ወጡ። ቤቱ ጢም ብሏል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቱርካ እስሩን የምትጥልበት ማዳበሪያ ከረጢት ከወዲሁ አጠገቧ አጣጥፋ አስቀምጣለች። ከጓዳ የሚመጣው ሽታ ተለውጧል። መጀመሪያ የራሰ ወረቀት ብቻ ነበር፤ አሁን ኮምጠጥ የሚል ነገር አለው። ጣይቱ ይህን ሽታ ታውቀዋለች። አንድ ክረምት ሁለቱም ታመው የተኙ ጊዜ፣ ያመጣው ሁሉ እንዲህ ሸትቶ፣ ጠቁሮ ተጥሏል። ያኔ ጋረደው «ይሁን፤ ለከርሞ ሌላ አመጣለሁ» ነበር ያለው።

ተነሣች።

«ደጅ ልትወጪ ነው? ልደግፍሽ?» አለች ቱርካ።

«ወረቀት ልቀይር ነው።»

«ምን?»

«ዛሬ ካልተቀየረ ይበሰብሳል።»

«አንቺ ሴት፣ አፈሩ ሳይደርቅ? ሐዘንተኛ ሥራ ሲሠራ የት አይተሻል? እንባሽን ነፈግሽው፤ ደግሞ ይኼን ልትጨምሪ? ሰው ምን ይላል?»

«እጁ የነካው የመጨረሻው ነገር ነው» አለች ጣይቱ። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። «ከከረጢቱ ከከተትሽው በኋላ እንዳሻሽ ይሁን። በስብሶ ግን አይውጣ።»

ጓዳ ገብታ እስሩን አቅፋ ወጣች። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን እየሰበሰቡ ሸሹላት። አንዷ «እኔስ ይቅርብኝ» ብላ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ በዝናቡ ወጥታ ሄደች። ወንድ የኮበለለባት ግን አንገቷን አስግጋ ቀረበች።

ጣይቱ ቺንጋውን ፈታች። ላይኛው ጋዜጣ እንደ ራሰ ጨርቅ እጇ ላይ ተንጠለጠለ። በሥሩ የነበረውን ሣር በጥንቃቄ አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ በልማዷ እጇን ወደ ጎን ሰደደች። የምታነሣው ደረቅ ወረቀት አልነበረም። እጇ እዚያው ቀረ።

ዙሌካ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «ምን ጎደለሽ?»

«ደረቅ ጋዜጣ። መደርደሪያው ላይ የነበረው።»

ዙሌካ ትሪውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «እሱን እኮ አነደድኩት። ወላሂ አላወቅሁም። የሚጣል መስሎኝ ነው።»

«አይቼሻለሁ።»

«አይተሽ ዝም አልሽ?»

ጣይቱ የራሰውን ጋዜጣ ወደ እሷ ዘረጋች። ዙሌካ ፊቷን አየቻትና ጥያቄውን ተወችው። «ታዲያ እርጥቡን እናድርቀዋ» አለች። «በክረምት የሕፃን ጨርቅ እንዴት ነው የምናደርቅ?»

የከሰል ምድጃውን አምጥታ በሩ ሥር አኖረች። ያንን የራሰ ጋዜጣ በሁለት እጇ ወጥራ ከፍሙ በላይ ያዘችው። እንፋሎቱ ተነሣ። ሲደርቅ መለሰችላት፤ ጣይቱ ሣሩን መልሳ ከደነችና ቀጣዩን ገለጠች። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሴት አጠገቧ ቁጢጥ አለች፤ ከዚያ ሌላ።

ቱርካ ከምንጣፏ አልተነሣችም። ግን ታያለች። አንዱ ጋዜጣ ሲገለጥ ሐምራዊ አበባ ያለው ቀጭን ተክል ወጣ።

«ቆይ» አለች። «ይኼ አቀንጭራ አይደለም?»

«ነው።»

«ማሽላ የሚጨርሰው? አባታችንን ያደኸየው አቀንጭራ?»

«እሱው ነው፣ እታለም።»

«ይኼን ጠላት ነው እንደ ታቦት ሸፍኖ ያስቀመጠው?»

አንዷ ሳቋ አመለጣትና በነጠላዋ አፈነችው። «ሥር ማሽስ ቢሆን፣ አቀንጭራ ምን ይሆነዋል» አለች። «ማንን ሊያስተኛበት?»

«ወንድ እንደሆነ አይመልስም» አለች ያችኛዋ፣ ተስፋ ቆርጣ። አሁን ብዙዎቹ ሳቁ። ጣይቱ ሳቁን ከሩቅ እንደሚሰማ የሠርግ ከበሮ ሰማችው።

«አበባው ያምራል ይል ነበር» አለች።

ቱርካ እየተንፏቀቀች ቀረበች። ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው። «ያምራል ለካ» አለች። «ስንነቅል ኖርን እንጂ አይተነው አናውቅም።» ከዚያ እርጥቡን ጋዜጣ ከጣይቱ እጅ ወሰደችና ወደ ምድጃው ዞረች።

የጠቆሩ ነበሩ፤ እነሱንም ጣይቱ አልጣለችም። የመጨረሻው ከሁሉ በታች ነበር። ስሙን የማታውቀው፣ ቅጠለ ሰፊ ሐረግ። ጋዜጣው ጠርዝ ላይ የአውራ ጣቱ ጭቃ ደርቋል። ስትገልጠው አንድ ነገር ከነከናትና ቆመች። ቅጠሎቹ በሙሉ ፊታቸው ወደ ላይ ነው። ጋረደው እንዲህ ትቶ አያውቅም። ሁልጊዜ አንዱን ቅጠል ይገለብጠዋል፤ ጀርባው ካልታየ ግማሹን ብቻ ነው ያመጣሁት ይላል። ይኼን ሲዘረጋ ግን ትኩሳቱ ቀድሞት ነበር።

ጥፍሯን ከአንዱ ቅጠል ሥር ቀስ አድርጋ አስገባች።

«አይሰበርብሽም?» አለች ቱርካ።

«ገና እርጥብ ነው።»

ቅጠሉን ገለበጠችው። ጀርባው ፈዛዛ ነው፤ ጅማቶቹ ጎላ ብለው ይታያሉ። ሊመለስ ሲል በጣቷ ያዘችው፤ ተኝቶ እስኪረጋ ጠበቀችው። ቱርካ ከፍሙ ላይ ያሞቀችውን ወረቀት አቀበለቻት። ጣይቱ ከደነችውና መዳፏን በላዩ አሳረፈች። ወረቀቱ ገና ትኩስ ነበር። እስኪበርድ እጇን አላነሣችም።