እናት የሞተችበት አዲስ ወንበር

ለሰፈሩ ነዋሪዎች፣ ለሙያ አጋሮች፣ እንዲሁም በቅርብም በሩቅም ለምትገኙ ወዳጅ ዘመዶች በሙሉ፦ ሶፋ ሠሪው ጥፍሩ ሥር የከረመውን ማስቲሽ በቤንዚን አስለቅቆ፣ እጁን እንደ ሰው እጅ አስመስሎ በዛሬው እሁድ ከቤቱ የወጣ መሆኑን ስንገልጽ ታላቅ ኩራት ይሰማናል። ይህ ታሪካዊ ክንዋኔ የተፈጸመው በባለቤቱ ያልተቋረጠ ክትትልና ስድብ ነው።

ጉዳዩ ኮንሰርት ነበር። ዘፋኙን አገር ምድሩ «የአፈር ልጅ» ይለዋል፤ ግጥምና ዜማውን ራሱ ይደርሳል፣ ስለ ገጠር፣ ስለ ድህነትና ስለ እናት ያንጎራጉራል። ቤት ውስጥ ግን ስሙ ማሙሽ ነው፤ የሶፋ ሠሪው ታናሽ ወንድም። አባታቸው ሲሞት ያሳደገው፣ የመጀመሪያዋን ጊታር የገዛለት፣ «ኧረ እባክህ ጎረቤት ተኝቷል!» እያለ ሲቆጣው የኖረውም ሶፋ ሠሪው ነው። ማሙሽ ዝናው ከገነነ ወዲህ የቤቱን ደፍ ረግጦ አያውቅም። እናታቸው ወገባቸው ተይዞ አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ እንኳ አልመጣም።

ዛሬ ከመውጣታቸው በፊት እናት ልጃቸውን እጁን ይዘው፣ «አምጣልኝ ብቻ» አሉት። «ድምፁንስ በሬዲዮ እሰማዋለሁ፤ መልኩ ነው የጠፋብኝ። እራት አብሮኝ ይብላና ይሂድ፤ ሌላ ምንም አልለው።»

«አመጣልሻለሁ እማዬ» አለ። እንዲህ አፉን ሞልቶ የተናገረው ያለ ምክንያት አይደለም።

በቅርቡ አንድ የመድረክ አዘጋጅ ወደ ሱቁ ጎራ ብሎ ነበር።

«ባለመደገፊያ ወንበር እንፈልጋለን» አለው። «አዲስ፤ ግን አሮጌ።»

«አንዱን ምረጥ እንጂ ወንድሜ።»

«ሲቀመጡበት የማይሰበር አዲስ፣ ሲያዩት የሚያስለቅስ አሮጌ።»

ሶፋ ሠሪው በሙያው ብዙ አሮጌ አድሶ ያውቃል፤ አዲስ አስረጅቶ ግን አያውቅም ነበር። ገና ከጥቅሉ የተቆረጠውን ከፋይ ጨርቅ የወንበሩ ክንድ ላይ በሽቦ ብሩሽ ፋቀው። የወፈረ ሻይ አፍልቶ መደገፊያውን ነከረው። መቀመጫውን በግራ በኩል አላልቶ፣ ለዘመናት አንድ ጎኗን የሚያማት ሴት የተቀመጠችበት አስመሰለው። ለምን በግራ እንደሆነ ራሱም አላሰበበትም፤ እጁ ነው የመረጠው። ቤት ያለው የእናቱ ወንበር ያዘነበለው በግራ ነው።

ወንበሩ የሚሄደው ወደ ማሙሽ መድረክ መሆኑን ያወቀው አዘጋጁ ለሥራው ምርቃት ሁለት የኮንሰርት መግቢያ ትኬት ሲሰጠው ነው። ይሄኔ ልቡ ሞቀ። «አየሽ፣ ማሙሽ እያወቀ ነው» አላት ለሚስቱ። «በእጅ አዙር ይቅርታ መጠየቁ ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ!»

«ዘመዱ ማን፣ አህያው ማን እንደሆነ ግን ተረቱ አይነግረንም» አለች ሚስቱ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሶፋ ሠሪው ከመቀመጡ በፊት የአዳራሹን ወንበር በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ፣ «ስፖንጁ አልቆለታል» አለ።

«ዛሬ እንኳ እንግዳ ሁን! ቁጭ በል!» አለችው ሚስቱ።

መብራቱ ደብዘዝ ሲል ባንዱ ገባ፤ ከበሮ፣ አኮርዲዮን፣ ዋሽንት፣ አንዲት ቀጭን ሴት ከቁመቷ የሚበልጥ ቤዝ ታቅፋ። በመጨረሻ የአፈር ልጅ በባዶ እግሩ ብቅ አለ። አዳራሹ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ።

«እግሩን ምን ነካው?» አለች ሚስቱ በሹክሹክታ። «ይሄ ልጅ ያለ ነጠላ ጫማ ሳሎን አይገባም ነበር እኮ!»

«ዝም በይ፤ ሥራው ነው።»

ሐቁን ለመናገር፣ ማሙሽ ይችልበታል። ጊታሩን ሲነካካ ዋሽንቱ ከኋላ እንደ ሩቅ ጥሪ ይከተለዋል፤ ከበሮው ይታገሣል፣ ይታገሣል፣ ሰው ሁሉ «በቃ አሁን» ሲል ያኔ ይወርዳል። ሶፋ ሠሪው ጉልበቱን እየመታ፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ለማያውቀው ሰው «ወንድሜ ነው» ሊል አፉን ከፍቶ ተወው። ማሙሽ ወደ መድረክ ሲጠራው ሰውየው ራሱ ያየዋል ብሎ።

ከዚያ ያ ወንበር ወደ መድረኩ መሀል መጣ። አንድ መብራት ብቻ አረፈበት።

«አዲስ ዘፈን ነው» አለ የአፈር ልጅ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ በሬዲዮ ትሰሙታላችሁ። ዛሬ ግን ለእናንተ ብቻ።» የወንበሩን ክንድ ዳበሰው፤ ያንን በሽቦ ብሩሽ የተፋቀውን። ከዚያ ዘፈነ፦

*ወንበርሽ ባዶ ነው፣ ጠረኑ አልጠፋ፤*
*ወንድሜ በር ዘጋ፣ ድንጋይ ሆኖ ከፋ።*
*ሳልቀብርሽ ቀረሁ፣ እንደ ባዳ ቆሜ፤*
*አፈሩን መለሰ የገዛ ወንድሜ።*

በመጀመሪያው መስመር የሶፋ ሠሪው ዓይን እንባ አቀረረ። ዜማው ነዋ! በሁለተኛው ላይ እንባው የት እንደሚሄድ ጠፋው። አዳራሹ ግን አላመነታም፤ ሴቱም ወንዱም ይነፋረቃል፣ የስልክ መብራት እንደ ጧፍ ይውለበለባል። አጠገቡ ያለው ሰውዬ አፍንጫውን እየጠረገ ወደ እሱ ዞረና፣ «እናትን እንዳይቀብር መከልከል! እንዲህ ያለ ወንድም መሬት እንዴት ትችለዋለች?» አለ።

«ትችለዋለች» አለ ሶፋ ሠሪው።

«ጠረኑ አልጠፋም ይላል እንዴ?» አለች ሚስቱ ጥርሷን ነክሳ። «የማስቲሽ ጠረን ነዋ፣ መቼ ደርቆ!»

ዝግጅቱ ሲያልቅ በኋላ በር ገቡ። ማሙሽ እግሩን በእርጥብ ፎጣ እያሸ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያያቸው ዘሎ ተነስቶ አቀፋቸው።

«ጋሼ! መጣህ? ወንበሩን አየኸው? ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ ጉድ የሆነ ወንበር!»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ማሙሽ ሳቀ። ብቻውን መሳቁን ሲያይ ተወው።

«እማዬ ሞተች አሉ» አለ ሶፋ ሠሪው።

«ኧረ ጋሼ፣ ዘፈን እኮ ነው! እዚያ ውስጥ ያለችው ሌላ እናት ናት። የሁላችንም እናት።»

«ወንድሙስ? እሱም የሁላችሁም ነው?»

«ገጸ ባሕርይ ነው።»

«ይኸው ገጸ ባሕርይ ነው ጠዋት ጠዋት እናትህን ታቅፎ ሽንት ቤት የሚያደርሳቸው» አለች ሚስቱ።

ሶፋ ሠሪው በእጁ ዝም አሰኛት። «ዘፈኑን ተወው። በዘፈን አልጣላህም። እራት ሳትበላ እየጠበቀችህ ነው፤ ጫማህን አድርግና እንሂድ።»

ማሙሽ በመስኮቱ መጋረጃ ቀዳዳ ወደ ውጭ አጮለቀ። በሩ ላይ ሰው አበባና ስልክ ይዞ ተኮልኩሏል። ጥቂቶቹ አሁንም ያለቅሳሉ።

«አየሃቸው? በሄድኩበት ይከተሉኛል። አንዱ ፎቶ ቢያነሳኝስ?»

«ያንሳህ! ከማን ጋር ያነሳሃል?»

«ከእማዬ ጋር ነዋ፣ ጋሼ።»

 ጥግ ላይ ቤዟን ትጠቀልል የነበረችው ሴት ሥራዋን ትታ ወጣች።

«ዘፈኑ ትንሽ ይቀዝቅዝ» አለ ማሙሽ። «ከዚያ በራሴ ጊዜ እመጣለሁ። እስከዚያው ጉንጯን ሳምልኝ።»

«እስከዚያው ብትሞትስ?»

ማሙሽ ቀና ብሎ አየው። ሶፋ ሠሪው ያንን ፊት ከሕፃንነቱ ጀምሮ አጥቦታል፤ ሲዋሽም ሲርበውም ያውቀዋል። ዛሬ ከሐዘኑ ቀድሞ ሌላ ነገር ሽው ሲልበት አየ። እፎይታ ነበር። ያን ጊዜ ሚስቱን ክንዷን ይዞ ወጣ።

ቤት ሲደርሱ ገና ዓይን ያይ ነበር። እናት ፀጉራቸውን አስበጥረው፣ ትራስ ተደግፈው ቀና ብለዋል። ከልጃቸው ትከሻ ኋላ ሰው ፈለጉ፤ ምራታቸውን አገኙ።

«የታለ?»

«አልመጣም፣ እማዬ።»

«እናትህ ትፈልግሃለች አላልከውም?»

«ብዬዋለሁ።»

እናት ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ፊታቸው እንደሚዘጋ በር ቀስ እያለ ጠቆረ።

«ተጣልተኸዋል» አሉ። «ድሮም አንተ ስትቆጣው ነው ያደገው። ልጁ ሆደ ባሻ ነው፤ ክፉ ቃል ተናግረኸው ይሆናል። አንተ ነህ ከቤቱ ያራቅኸው! እኔስ እስከ ዛሬ እግሩ ለምን ቀረ እያልኩ ስቃጠል ነበር።»

ሚስቱ «እማማ፣ ኧረ እሱ» ብላ ጀመረች። ሶፋ ሠሪው እጇን ጨበጣት፤ እስኪያማት።

«አንተን እኮ ነው! ምን ብለኸው ነው ወንድምህን?»

«አልናገርም» አለ።

«እናትህ ነኝ እኮ! ለእኔ አትናገርም?»

«አልናገርም አልኩ።»