እስከ መጨረሻው ረድፍ

በትምህርት ቤታችን መድረክ የሚባለው በቅርጫት ኳስ ሜዳው ጫፍ ያለው የእንጨት ከፍታ ነው። የነብራስካ ብርድ ሲገባ ማሞቂያው ካልተነሳ ልጆቹ ይደርቃሉ፤ ከተነሳ ደግሞ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል። አለቆቼ «ዘንድሮ እናስጠግነዋለን» ሲሉኝ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። እነሱን ከመለመን ብዬ ልጆቹ ማሞቂያውን በጩኸት እንዲያሸንፉት ማስተማር ያዝኩ። መጨረሻው ረድፍ ላይ እቀመጥና ካልሰማሁ እጄን አነሳለሁ። እስክሰማ አላወርድም። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት ትያትር ይኸው ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ሼልቢ ኮዛክ ስትመጣ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበራትም። ቃሉ ከአፏ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ይቀራል። በሷ የተነሳ ክንዴ ዝሏል። አባቷ ላይልም የድሮ ተማሪዬ ነው። እህል ማድረቂያ ማሽን ሥር ሃያ ዓመት ሠርቶ ጆሮው ደክሟል፤ ያም ሆኖ ልጁ በተወነች ቁጥር «አቧራ ነኝ» እያለ ከነሥራ ልብሱ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነው የሚቀመጠው።

«ቲቸር፣ ጥሩ ነበረች?» አለኝ አንድ ቀን፣ ትያትሩ እንዳለቀ።

«አልሰማሃትም እንዴ?»

«አየኋት።»

ይህቺ «አየኋት» አንጀቴን በላችው። ከዚያ በኋላ ልጅቷን ሁለት ዓመት ሙሉ ፋታ አልሰጠኋትም። ባለፈው ሚያዝያ ድምፅዋ ማሞቂያውን አልፎ ላይል ጋ ደረሰ። ሰውየው ቆቡን አውልቆ አለቀሰ። እኔም ከኔ ወዲያ አስተማሪ ላሳር ብዬ ተኮፈስኩ።

ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። በየካቲት ብዙ ኮሌጆች ሺካጎ አንድ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው ትያትር መማር የሚፈልጉ ልጆችን ይፈትናሉ። ሼልቢ የተመኘችው ኮሌጅ በየዓመቱ ለአንድ ልጅ ሙሉ ነፃ ትምህርት ይሰጣል። ካገኘችው ትሄዳለች። ካላገኘችው አሁን ቅዳሜና እሁድ የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ የዘወትር ሥራዋ ይሆናል። ላይል ይህን ሲነግረኝ አላማረረም። «ያለው ይኸው ነው፣ ቲቸር» አለኝ።

ለፈተናው የመረጥንላት ንግግር ከቤት ጠፍታ የምትሄድ ልጅ የምትናገረው ነው። የተኛች እናቷ አጠገብ ቆማ ትሰናበታታለች። ሼልቢ መጀመሪያ ያነበበችልኝ ቤቷ ላደርሳት ሄጄ፣ በራቸው ላይ፣ መኪናዬ ውስጥ ነው።

«እማ፣ አትንቂ። ጫማዬን በእጄ ይዤዋለሁ። ከነቃሽ አልሄድም።»

እንባዬን ጠረግሁና ምን አልኩ? «ቆንጆ ነው። ግን መጨረሻው ረድፍ ላይ ማን ይሰማሻል?» አልኩ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ሜዳው ውስጥ እኔ እጄን ሳነሳ፣ እሷ ስትጮህ ከረምን። አንድ ቀን ቆም አለችና፣

«ቲቸር፣ እንዲህ ከጮህኩ እናትየዋ አትነቃም?» አለች።

«እናትየዋ የለችም። ያሉት ፈታኞቹ ናቸው። ድገሚ!»

ደገመች። ይቺ ልጅ ያልኳትን ያላደረገችበት ቀን የለም።

ሺካጎ ለመድረስ ዘጠኝ ሰዓት ነዳን። በነጋታው ጠዋት የሆቴሉ ኮሪደር በልጆች ተሞልቷል፤ ከግድግዳው ጋር ተፋጠው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እናቶች የውሃ ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል። አንዱ ልጅ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ጭጭ። ሌላዋ ትገባለች፣ ጭጭ። አሳዘኑኝ። ይሄ ሁሉ የከተማ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ የግል አሠልጣኝ፣ ከበሩ የሚያልፍ ትንፋሽ እንኳ የለውም።

ሼልቢን በክርኔ ነካ አደረግኋት። «ትሰሚያለሽ? የአንዳቸውም ድምፅ አይወጣም። አንቺ ግን አሳዪያቸው።»

«ኮሪደሩን ነው የማነቃንቀው» አለች።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አሠልጣኝ ናት። አንድ ልጅ እየሳቀ ሲወጣ፣ «አስደገሙት፤ ልባቸው ያረፈበትን ልጅ ሌላ ዓይነት አድርገህ ድገመው ይሉታል» አለችኝ። ቀጥላም ወደ ራሷ ተማሪ ዞራ፣ «እንግዲህ አደራ፣ ለአንድ ሰው ብቻ እንደምትነግሪው አድርገሽ» አለቻት።

ለአንድ ሰው? ምን ማለቷ እንደሆነ ሳይገባኝ የሼልቢ ስም ተጠራ።

በሩ ሲከፈት ክፍሉን አየሁት። መኝታ ክፍል ነው። አልጋውን አንስተው ግድግዳው ላይ አቁመውታል። ሁለት ሴቶች ከትንሽ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ሼልቢ እጇን ብትዘረጋ የውሃ ብርጭቋቸውን ታነሳለች።

«ሼል…» ብዬ ተነሳሁ። በሩ ተዘጋ። ላዩ ላይ «ማንኳኳት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

«እማ! አትንቂ!»

ኮሪደሩ በሙሉ ዞረ።

«ጫማዬን በእጄ ይዤዋለሁ!»

«እናትየዋ ነቅታ ቁርስ እየሠራች ነው» አለ አንዱ ጎረምሳ። ሳቁ። በጥፊ ባጠናግረው ደስ ባለኝ፤ ግን ልጁ እውነቱን ነው። አንዲት ቃል አልጠፋችም። እያንዳንዷ ጥርት ብላ፣ ክብ ሆና፣ ልክ እንዳስተማርኳት ከበሩ ታልፋለች። ሳላውቀው መዳፌ አየሩን ወደ ታች ይጫናል። ቀስ፣ ልጄ፣ ቀስ። ማን ያያል? ብታየውስ ምን ይገባታል? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለ«ቀነስ አድርጊ» የሚሆን ምልክት አስተምሬ አላውቅም።

ንግግሯ አለቀ። አምላኬ፣ ያስደግሟት፤ ለአንድ ሰው ብቻ እንደምትነግሪው ይበሏት፤ ትችለዋለች፣ መኪና ውስጥ ሰምቻታለሁ። ወንበሩን አንቄ ይዤ ስለምን በሩ ተከፈተ።

ሼልቢ ፊቷ በርቷል።

«ቲቸር፣ ሰሙኝ?»

«እያንዳንዷን ቃል።»

ተጠመጠመችብኝ። «እናመሰግናለን ብቻ ነው ያሉኝ። አንዴ በቃቸው ማለት ነው፣ አይደል?»

አሠልጣኟ አንገቷን ደፍታ ቦርሳዋን መፈተሽ ጀመረች። እኔ ሼልቢን ኮቷን አለበስኳት።

መኪና ውስጥ ገና ሳንንቀሳቀስ ለአባቷ ደወለች። «አባዬ! ኮሪደር ድረስ ተሰማሁ!» ብላ ጮኸች፤ ለሱ ካልጮኹ አይሰማም። «የኔ ጎበዝ! ቲቸርን አመስግኚልኝ!» ሲል ስልኩን አልፎ ተሰማኝ። ዓይኔን ከመሪው አላነሳሁም።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ አይዋ ግዛት ከገባን በኋላ በረዶው በግራም በቀኝም ሜዳውን አልብሶታል። ልንገራት እላለሁ፣ እተወዋለሁ። ብነግራትስ በሩ ተመልሶ ይከፈታል? ሼልቢ ጫማዋን አውልቃ፣ ራሷን መስኮቱ ላይ አሳርፋ፣ ለራሷ ማለት ጀመረች።

«እማ፣ አትንቂ። ጫማዬን በእጄ ይዤዋለሁ። ከነቃሽ አልሄድም።»

እስከ መጨረሻው አለችው። ትንፋሽዋ መስታወቱን እንኳ በቅጡ አላደበዘዘውም። ፈታኞቹ ይህን ቢሰሙ ኖሮ! ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠው ሳይሰሙት ቀሩ፤ ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ።

ዞር ብላ ፈገግ አለች። «ዛሬ እጅዎን አያነሱም እንዴ?»

«እየነዳሁ ነው፣ ልጄ» አልኳት።